በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ አንድ አጀንዳ እንጨምር

ይህ ጥሪ ለእድር ዳኞች፣ ለጸሐፊዎችና ለገንዘብ ያዦች ነው። ድንኳን ለሚተክሉ፣ ወንበር ለሚቆጥሩ፣ ጥሩንባ ለሚነፉ ነው። ከሁሉም በላይ ግን በየወሩ መዋጯቸውን ከፍለው፣ ስማቸው ሲጠራ «አለሁ» ብለው ወደ ቤታቸው ለሚመለሱ አባላት ነው። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ስም ተጠርቶ፣ መዋጮ ተሰብስቦ፣ የቀረውም ተቀጥቶ ሲያበቃ፣ ከመበተናችን በፊት ግማሽ ሰዓት እንቀመጥ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ከሰፈራችን ችግሮች አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ አንሥተን መላ እንፈልግለት።

ለምን እድር ትሉ ይሆናል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ቢያርፍ፣ ጎህ ሲቀድ ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ውሃ ተጥዶ፣ መቃብር የሚያስቆፍር ሰው ተመድቦ ይገኛል። ማንም ደብዳቤ አልጻፈም፤ ማንም በጀት አላስጸደቀም። ሀብታሙም ድሃውም እኩል አዋጥቶ እኩል ይሸኛል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መዝገብ ላይ የተጻፉባቸው እድሮች ስንት ናቸው! «እኛ ተባብረን መሥራት አንችልም» የሚለውን ክፉ አባባል ይህ ብቻውን ውድቅ ያደርገዋል። መተባበር እንችልበታለን። የቀረን ነገር ቢኖር ይህንኑ ችሎታ ሰው ሳይሞት ማዋል ነው።

ዛሬ ዛሬ ስለ አመራርና ስለ ፈጠራ ብዙ ይባላል። ሥልጠናውም መጽሐፉም በዝቷል፤ መብዛቱ መልካም ነው። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ትምህርት መካከል ዋናው ነገር እንዳይጠፋብን እሰጋለሁ። ለችግር መላ የሚገኘው ችግሩን ቀን ከሌት ከሚኖሩት ሰዎች ዘንድ ነው፤ የመሪም ትልቁ ሥራ እነሱን መጠየቅ፣ የሚሉትንም አብሯቸው መሞከር ነው። ይህን የምለው ሕዝብን ለማሞገስ አይደለም። በገዛ አገራችን የተሠሩ፣ ዓለምም የመሰከረላቸው ሥራዎች ይህንኑ ያሳያሉ። ሁለቱን በዝርዝር ላንሣ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚባሉ ወጣት ተመራማሪ፣ ትምህርታቸውን አሜሪካ ጨርሰው በተመለሱ ሰሞን፣ የቢልሃርዚያን ስርጭት ለማጥናት ዓድዋ ወረዱ። ቢልሃርዚያ ውሃ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ሆድ አድጎ ወደ ሰው የሚያልፍ ትል የሚያመጣው በሽታ ነው። ሰው ወንዝ ሲሻገር፣ ሲዋኝ፣ ልብስ ሲያጥብ ትሉ በቆዳው ዘልቆ ይገባል። አንጀትና ጉበት ይጎዳል፤ ልጆችን ያመነምናል። በሽታውን ከሚገቱት መንገዶች አንዱ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ነው፤ ለዚህ የሚውለው ኬሚካል ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ ለድሃ አገር የማይቀመስ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ በአንድ ወንዝ ዳር ሲዘዋወሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ሳሙና እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የነጠላና የጋቢ ንጣት የእንዶድ ሥራ ስለነበር፣ በዚህ የሚደነቅ ሰው አልነበረም። እሳቸው ግን አለፍ ብሎ፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በዝተው መታየታቸውን አስተዋሉ። ከወንዙ ላይኛ ክፍል በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው በዕቃ አደረጉ። ከዚያም ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ትንሽ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው የአንድ ብልህ ሳይንቲስት ታሪክ ተደርጎ ነው። ብልህነታቸው አያጠያይቅም። እኔ ግን እያንዳንዱ የእድር ዳኛ እንዲያስብበት የምፈልገው ያቺን ሴት ነው። እንዶዱን ለቅማ፣ አድርቃ፣ ወቅጣ፣ ለክታ የምታውቀው እሷ ናት። ቀንድ አውጣውን ከበሽታው ጋር አያይዞ የሚያውቀው ደግሞ ተመራማሪው ነው። ሁለቱ እውቀቶች በዚያ ወንዝ ላይ ለስንት ዘመን ጎን ለጎን ሲፈሱ ኖረዋል፤ የሚያገናኛቸው ሰው ግን አልነበረም። የዶክተር አክሊሉ መሪነት የታየው ያን ጊዜ ነው። መልሱን ከውጭ ከመጠበቅ ይልቅ ወደ እግራቸው ሥር ተመለከቱ፤ ያዩትን ከመገመት ይልቅ በአንድ ዕቃ ውሃ ሞከሩት፤ ሙከራውንም ባለሙያዋን አስይዘው ጀመሩት።

ሥራው በአንድ ቀን አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም እንዲቋቋም አደረጉ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በዓድዋ ለአምስት ዓመት በተካሄደው ሙከራ ከስድስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የእንዶድ ዝርያዎችን ከየቦታው ሰብስበው፣ አብቅለው፣ ኃይለኛውን ለመምረጥ ዓመታት ደከሙ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ሌላው ኢትዮጵያዊ ዶክተር መላኩ ወረደም ተሸልመዋል። እሳቸው የአገሪቱን የዘር ሀብት የታደጉት ባንክ ውስጥ በማቀዝቀዝ ብቻ አልነበረም፤ ዘሩ ገበሬው ማሳ ላይ፣ በገበሬው እጅ እንዲጠበቅ በማድረግም ጭምር ነው። በአንድ ዓመት ከአንድ አገር የተሸለሙት ሁለቱም ሥራዎች የተነሡት አርሶ አደሩና እናቶች ቀድመው ከሚያውቁት ነገር ነው። ይህ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም።

የእንዶድ ታሪክ የሚቆጭ ገጽታም አለው፤ እሱንም ልናውቀው ይገባል። ኢትዮጵያውያኑ ያገኙትን ውጤት የውጭ ተቋማት ለዓመታት አልቀበል አሉ፤ ምርመራው በእኛ ደረጃ ይደገም እያሉ ጊዜው ነጎደ። ቆየት ብሎ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቱቦ የሚደፍን የዛጎል ዘር ሲያስቸግር፣ እንዶድ እሱንም እንደሚገድል በኦሃዮ ግዛት በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ታወቀ። በአሜሪካ የዚህ አጠቃቀም የፈጠራ መብት የተመዘገበው በዩኒቨርሲቲው ባለቤትነት ነው። በዓድዋ ወንዝ ዳር ልብስ ያጥቡ የነበሩት እናቶች በዚያ ሰነድ ላይ ድርሻ የላቸውም። በሚቀጥለው ስብሰባ የምናገኘውን መላ ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው ላይ አስፍቶ ይጻፈው የምለው ለዚህ ነው። ማን እንዳሰበው፣ ማን እንደሞከረው፣ ምን እንደተገኘ፣ ምን እንዳልሠራ፣ ሁሉም ይጻፍ። ያልተጻፈ እውቀት ባለቤት የለውም።

ሁለተኛዋ ምስክሬ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ናቸው። ከምባታ ውስጥ፣ ሴት ልጅ ለትምህርት በማትታሰብበት ዘመን ተወልደው፣ ውሃ ልቀዳ ብለው እየወጡ ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው። ኢየሩሳሌም ድረስ ሄደው፣ ከዚያም አሜሪካ ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ተመለሱና ከእኅታቸው ጋር ኬ.ኤም.ጂ. የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። የመጡት የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቆም፣ የሴቶችን ክብር ለማስመለስ ነበር። በልጅነታቸው በራሳቸው ላይ ደርሷልና ነገሩ በወሬ የሰሙት አልነበረም።

ከእሳቸው በፊት ብዙ ሰው «ግርዛት ጎጂ ነው» ብሎ አስተምሯል፤ ፖስተርም ለጥፏል። እሳቸው ሕዝቡን ምን እንደሚያስፈልገው ሲጠይቁ ሽማግሌዎቹ ያነሡት ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ድልድይ። ልጆች ትምህርት ቤት፣ እናቶችም ገበያ ለመድረስ የሚሻገሩበት መንገድ አልነበራቸውም። እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን «እኔ የመጣሁት ለድልድይ አይደለም» ይል ነበር፤ ከዓላማው የወጣ ሥራ ነው ይል ነበር። ዶክተር ቦጋለች ግን ድልድዩን አስቀደሙ። ድልድዩ ተሠራ።

በእኔ ግምት ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ መሠረቱ ይህ ነው። ሕዝቡ «ይህች ሴት የምንለውን ትሰማለች» አለ። የሰማኸው ሰው ይሰማሃል። ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ወጣቱም አንድ ላይ ተቀምጠው ማንም ማንንም ሳያቋርጥ የሚነጋገሩበት የማኅበረሰብ ውይይት ተጀመረ፤ በየጊዜው እየተገናኙ፣ ሳይቸኩሉ ተነጋገሩ። ከዚያ ውይይት ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ፣ በብዙ ሰው ፊት፣ በኩራት የተዳረችበት ሰርግ ወጣ። ይህን ሐሳብ ከውጭ የመጣ አማካሪ አያገኘውም። ልማዱን ያቆየው «ያልተገረዘች አታገባም» የሚል ፍርሃት እንደነበር የሚያውቀው መንደሩ ራሱ ነው፤ ፍርሃቱንም የሰበረው በራሱ መድረክ፣ በሰርግ ነው። ዩኒሴፍ ባደረገው ጥናት በአካባቢው ሴት ልጄን አስገርዛለሁ የሚለው ሰው በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከ97 በመቶ ተነሥቶ ከ5 በመቶ በታች ወርዶ ተገኝቷል። በሕግና በቅጣት ብቻ እንዲህ ያለ ለውጥ በዚህ ፍጥነት ሲመጣ አላየንም።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙንም በአጭሩ ላስታውስ። በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር አገሪቱ ለየቀበሌው ሐኪም ማሠልጠን አትችልም ነበር። ስለዚህ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ከየቀበሌያቸው ተመልምለው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ከ30,000 በላይ ሆኑ። ቤት ለቤት ክትባትና የቤተሰብ ምጣኔ፣ መጸዳጃ ቤትና ንጹሕ ውሃ ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ሐኪም የለንም ብሎ ከመቀመጥ ይልቅ «ጎረቤት የምታምነው ማንን ነው?» ተብሎ ተጠየቀ፤ መልሱም በየደጁ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። እድር ይህን ነገር አያውቀውም አትበሉ፤ አንድ ጊዜ አድርጎታል፤ ያውም በክፉ ቀን። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ኤችአይቪ በከተሞቻችን የወጣቱን ትውልድ ሲያጭድ የእድር ድንኳን ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ ሌላው ደጅ ይተከል ነበር። የብዙ እድር ደንብ ገንዘብ የሚወጣው አባል ሲሞት ብቻ ነው ይል ነበር። እናም አባሉ አልጋ ላይ ለወራት ሲማቅቅ፣ መድኃኒትና ምግብ ሲያጣ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲቀሩ ካዝናው ዝም ይል ነበር። ሲሞት ደግሞ ለሳጥንና ለንፍሮ ይከፈት ነበር። «በሕይወት እያለ ያልረዳነውን ሬሳውን ብናከብር ምን ይጠቅማል?» ብለው የጠየቁ ዳኞች ተነሡ። በአዲስ አበባም በሌሎች ከተሞችም በርካታ እድሮች ደንባቸውን አሻሻሉ። ለታመሙ አባላት ድጋፍ መደቡ፤ ቤት ለቤት እየሄዱ የሚያስታምሙ በጎ ፈቃደኞች አሰማሩ፤ ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች የደብተርና የልብስ ወጪ ሸፈኑ። ነጻው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. መሰጠት ሲጀምር በብዙ ሰፈር ታማሚውን ደግፎ ጤና ጣቢያ ያደረሰው የእድር ሰው ነበር።

ያን ጊዜ ትልቁ ሥራ ገንዘቡ አልነበረም። ትልቁ ሥራ የበሽታውን ስም በስብሰባ መካከል ጮክ ብሎ መጥራቱ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን። በየቤቱ ተደብቆ ሲገድል የኖረው ነገር በስብሰባው ላይ ስሙ በተጠራ ቀን የሁሉም ጉዳይ ሆነ። የዛሬም ችግሮቻችን እንደዚያው ናቸው። በሦስት ጎረቤት ቤቶች ውስጥ ሦስት ብቸኛ አዛውንቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጣጣ ብቻ ይመስለዋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ውጤት ያልመጣለት ልጅ በየቤቱ ከዓመት ዓመት አልጋ ላይ ይውላል፤ እናቱ አፍራ ለማንም አትናገርም። ክረምት በገባ ቁጥር ያው ቦይ ሞልቶ ያው ቤት ውስጥ ይገባል፤ ያው ሰው ብቻውን በባልዲ ይቀዳል።

እንዴት እንጀምር? ምሳሌ ልስጥ። የምሰጠው ምሳሌ የታሰበ ነው፤ ግን የኮንዶሚኒየም ኑሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በመልሶ ማልማት ከነባሩ ሰፈር የተነሡ አንዲት እናት አራተኛ ፎቅ ዕጣ ደርሷቸዋል እንበል። አሳንሰር የለም። ውሃው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ግፊቱ ላይ አይደርስም፤ ምድር ላይ ተቀድቶ በጀሪካን ይወጣል። እኚህ እናት ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ወጥተዋል። ይህ ጉዳይ በስብሰባ ላይ ሲነሣ ወዲያው የሚመጣው ሐሳብ የታወቀ ነው፤ ለውሃና ፍሳሽ ደብዳቤ እንጻፍ፣ ወይም ገንዘብ አዋጥተን ትልቅ ታንከርና ፓምፕ እንግዛ። ደብዳቤው ይጻፍ፤ ታንከሩም ይታሰብ። ነገር ግን ከሁለቱም በፊት እናትየው ራሳቸው ይጠየቁ። በቀን ስንት ጀሪካን ይበቃቸዋል? ውሃው የሚመጣው በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ነው? እስከ ዛሬስ እንዴት ቻሉት? ምናልባት የአንደኛ ፎቅ ጎረቤታቸው በርሜል ማስቀመጫ ቦታ አላት። ምናልባት ከሁለተኛው ብሎክ ያለው ወጣት በሳምንት ሁለት ቀን ማመላለስ ይችላል፤ እሱም የሚፈልገው ነገር አለው፤ እናትየው ደግሞ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ይህ ሁሉ ሳይጠየቅ አይታወቅም። አንድ ወር ይሞከር። በሚቀጥለው ስብሰባ «ምን ሆነ?» ተብሎ ይጠየቅ። ካልሠራ በሌላ ይለወጥ፤ ከሠራ በሌላው ፎቅ ላሉት አዛውንቶችም ይዳረስ። ያን ጊዜ ወደ ውሃና ፍሳሽ የሚሄደው ደብዳቤ ራሱ ሌላ ደብዳቤ ይሆናል፤ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የቤቱን ቁጥርና የጎደለውን መጠን ይዞ የሚቀርብ፣ «እኛ የድርሻችንን ይህን አድርገናል፤ የእናንተስ?» የሚል።

ማን እንደሚጠየቅ አጥብቀን እናስብበት። በብዙ እድር መዝገብ ላይ የሚጻፈው የአባወራ ስም ነው። ስብሰባ ላይ ቀድሞ የሚናገረውም ያው የለመደው ሰው ነው። የሰፈሩን የልብ ትርታ የሚያውቁት ግን ሌሎች ናቸው። ማለዳ ዳቦ ለመግዛት የምትወጣው የቤት ሠራተኛ የትኛው መንገድ በጨለማ እንደሚያስፈራ ታውቃለች። ተከራዩ አባል አይደለምና ማንም አይጠይቀውም፤ ቆሻሻው ለምን እንደሚከማች ግን ከባለቤቱ ይልቅ እሱ ያውቃል። ጀበናዋን መንገድ ዳር ያስቀመጠችው ቡና አፍይ የትኛው ልጅ ከትምህርት ቤት እንደሚፎርፍ አንድ በአንድ ትቆጥርላችኋለች። ልጆቹም ይጠየቁ፤ ዝም ብለው ይሰማሉ እንጂ የማያዩት ነገር የለም። ዳኛው ያን ግማሽ ሰዓት ሲከፍቱ ቃሉን መጀመሪያ ላልተናገሩት ይስጡ። ሴቶች የራሳቸው እድር ካላቸው ሁለቱ እድሮች በዚያ ቀን አብረው ይቀመጡ።

«እድር ለሞት የተቋቋመ ነው፤ ሌላ ነገር ካስገባንበት ይፈርሳል» የሚሉ አባቶችና እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ገንዘብ ተደባልቆ የጠፋበት ማኅበር፣ ፖለቲካ ገብቶበት ለሁለት የተከፈለ ስብሰባ አይተዋል። ስለዚህ የቀብሩ ገንዘብ አይነካ። ለሙከራው የሚያስፈልግ ካለ በፈቃድ የሚዋጣ፣ ለብቻው ደረሰኝ የሚቆረጥለት፣ በየወሩ ሒሳቡ የሚነበብ ትንሽ ገንዘብ ይሁን፤ ብዙው መላ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። የፓርቲ ጉዳይ፣ የብሔር ጉዳይ በር ላይ ይቁም። ዳኛው «ይህ የሰፈራችን ጉዳይ ነው ወይስ አይደለም?» ብለው ይጠይቁ፤ ካልሆነ ወደ ሌላ ይለፉ።

«የመንግሥትን ሥራ ለምን እኛ እንሠራለን?» የሚልም አለ። ውሃና መብራት፣ መንገድና ጤና የመንግሥት ግዴታ ናቸው፤ ግዴታው በእኛ ሥራ አይነሣለትም። ነገር ግን ችግሩን ለይቶ፣ ሞክሮ፣ መዝግቦ የሚመጣን ሕዝብ «ተመለስ ነገ ና» ብሎ መሸኘት ያስቸግራል። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ኃላፊዎችም ይህን ጥሪ ስሙት። የእድር ዳኛ ቃለ ጉባኤ ይዘው ቢሮአችሁ ሲመጡ ተቀምጣችሁ አንብቡት። ዶክተር ቦጋለች ድልድዩን እንዳስቀደሙ እናንተም ሕዝቡ ያስቀደመውን አስቀድሙ።

በውጭ ላላችሁም ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በእስራኤል፣ በአውሮፓ ከተሞች ሬሳ ወደ አገር ለመላክ ወይም እዚያው በክብር ለመቅበር የተቋቋሙ እድሮችና ማኅበራት አሏችሁ። ልጅ ለመጠበቅ መጥተው፣ ቋንቋው ጠፍቷቸው፣ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር የሚውሉ እናትና አባት ከመካከላችሁ አሉ። ወረቀቱ ያላለቀለት፣ የሥራ ማመልከቻ መሙላት የከበደው አዲስ መጤ አለ። በዓረብ አገራት በሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶቻችን ደግሞ ቢሮም ድንኳንም ሳይኖራችሁ፣ በስልክ ብቻ ተጠራርታችሁ ለታመመችውና ለሞተችው ስታዋጡ አይተናል። ያን ያህል በጠበበ ኑሮ ውስጥ ያን ያህል ብልሃት ካገኛችሁ እኛ ሰፊ ደጅ ያለን ከእናንተ ብዙ እንማራለን። ያገኛችሁትን መላ ላኩልን።

ዳኞች ሆይ፣ ከእናንተ የሚጠበቀው ሁሉንም ማወቅ አይደለም። «አላውቅም፤ ማን ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ሥልጣን አይቀንስም፤ ዓድዋ ወንዝ ዳር የተጠየቀችው ሴት የተመራማሪውን ክብር አልቀነሰችም። ጸሐፊዎች ሆይ፣ የተባለውን በሙሉ ጻፉ፤ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ለጎረቤት እድር አንብቡለት፤ እነሱም የሞከሩትን ያንብቡላችሁ። በአንድ ወረዳ ያሉ እድሮች እንዲህ ቢቀባበሉ በዓመቱ መጨረሻ ያ ወረዳ የየትኛው ችግር መላ በየትኛው ሰፈር እንዳለ ያውቃል። ወጣቶች ሆይ፣ እድር የሽማግሌ ነገር ነው ብላችሁ በወላጅ ስም መዋጮ መላክ ይቅርና በአካል ኑ። ስልካችሁን፣ ጉልበታችሁን፣ የተማራችሁትን ይዛችሁ ኑ፤ ቃለ ጉባኤውን በኮምፒውተር የሚጽፍ፣ የቦዩን ሥዕል የሚነድፍ፣ ለአንድ ወር የተሞከረውን የሚቆጥር ሰው ይፈለጋል።

አባላት ሆይ፣ በዚህ ሳምንት የጎረቤታችሁን ደጅ አንኳኩና «እዚህ ሰፈር ብቻህን የምትሸከመው ነገር ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰማችሁትን ይዛችሁ ስብሰባ ግቡ። ዳኛው «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ሲሉ ዝም አትበሉ፤ እጅ አውጡ፣ ተነሡ፣ ችግሩን በስሙ ጥሩት፣ ከዚያም ማን ምን እንደሚሞክርና በየትኛው ቀን መልስ ይዞ እንደሚመጣ ሳይወሰን ስብሰባው እንዳይበተን አጥብቃችሁ ጠይቁ።